ሦስቱ የሥልጣን ክንፎች፦ የትኛውን በር እናንኳኳ?



በጫጫ ስናስተምር ከሌሎች ትምህርቶች ጋር የሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜም ይሰጠን ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሦስት ሳጥን ሠርተን «ሕግ አውጭ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ» ብለን እንደጻፍን ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የወረዳው አስተዳዳሪና የወረዳው ዳኛ ቢጣሉ ማን ያሸንፋል?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ከፊት የተቀመጠው ልጅ ቀደመንና «አስተዳዳሪው ነዋ! መኪና ያለው እሱ ነው» ብሎ መለሰለት። እኛም ስቀን «ሦስቱም እኩል ናቸው» የሚል አጭር መልስ ሰጥተን አለፍን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለቤታቸው ወደ አኼራ የሄዱባቸው አንድ እናት ወደ እኛ መጡ። ከሟች ዘመዶች ጋር በቤት ውርስ ተካሰው መጥሪያ ደርሷቸዋል። መጥሪያውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው «ልጄ ኡስታዝ፣ የፍርድ ቤቱ ምልልስ ይቅርብኝ። ለአስተዳደሩ አንድ ማመልከቻ ጻፍልኝ። እነሱ ካሉት ማን ይወጣል?» አሉን። እኛም አዘንንላቸውና ጻፍንላቸው። ማመልከቻው አንድ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ተቀመጠ። የቀጠሮው ቀን ግን አልተቀመጠም፤ አለፈ። ፍርድ ቤቱም እሳቸው በሌሉበት ጉዳዩን አይቶ ወሰነ።

ደንግጠን አንድ የሕግ ባለሙያ ጠየቅን። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ውሳኔውን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ያልቀረበበትን በቂ ምክንያት አስረድቶ ውሳኔው እንዲነሳለት ማመልከት እንደሚችል ነገረን። ጊዜው ገና ስላላለፈ አመለከቱ፤ አልሐምዱሊላህ ተሰሙ፤ ክርክሩም እንደገና ተከፈተ። ቀኑ ጥቂት ቢያልፍ ኖሮ ግን እኒያ እናት ቤታቸውን የሚያጡት በተከራካሪዎቻቸው ብርታት ሳይሆን እኛ የተሳሳተ በር ስላንኳኳንላቸው ነበር።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ተማሪና ለእኒያ እናት ያኔ ልንሰጠው ይገባን የነበረ መልስ ነው። የመንግሥት ሥልጣን ለምን እንደተከፋፈለ፣ ክንፎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚገታቱ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን በዚህ ውስጥ የት እንዳሉ በቅደም ተከተል እናያለን።

ሁሉም በአንድ እጅ በነበረበት ዘመን

ጫጫ በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ያለች የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አንጎለላ የሚለው ስም ታሪክ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ አንጎለላንም መቀመጫቸው አድርገዋት ነበር። ከአንኮበር ግርጌ ደግሞ ከሐረርና ከጠረፍ የሚመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች የሚሰባሰቡባት የአልዩ አምባ ገበያ ነበረች።

በዚያ ዘመን ትእዛዝ የሚያወጣው ንጉሡ ነው። ትእዛዙን የሚያስፈጽሙትን ሹሞች የሚሾመውና የሚሽረውም ንጉሡ ነው። በመጨረሻው ችሎት ተቀምጦ የሚፈርደውም እሱው ነው። ንጉሡ ፍትሐዊ ከሆነ ሰው እፎይ ይላል። ሹሙ በደለህ እንበል፤ አቤት የምትለው ያንኑ ሹም ለሾመው ሰው ነው። እሱ ፊቱን ካዞረብህ ሌላ የምትሄድበት ደጃፍ የለም።

ይህ አሠራር በአንድ ጊዜ አልተለወጠም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶችን ቢያቋቁምም የመጨረሻው ሥልጣን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ቀረ። በ1948 ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ቢደረግም የዙፋን ችሎቱ ከፍርድ ቤቶች ሁሉ በላይ እንደሆነ ቀጠለ። የደርግ መንግሥት በ1980 ያወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ ብሔራዊ ሸንጎን የበላይ አካል አደረገ፤ በተግባር ግን የሸንጎውም የፍርድ ቤቱም ልጓም በአንድ ፓርቲ እጅ ነበር።

ፈረንሳዊው ሞንተስክዩ በ1748 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው የሕግ ፍልስፍና መጽሐፉ ያነሳው ሐሳብ ከዚህ ችግር የሚነሳ ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው እስከሚቆምበት ድረስ ይሄዳል፤ የሚያቆመውም ሌላ ሥልጣን ነው። የሰውን ልጅ ነፍስ ለሚያውቅ ሙስሊም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሹሙ ጥሩ ሰው እንዲሆን ዱዓ እናደርጋለን፤ ጥሩ ባይሆን ደግሞ የሚያስቆመው እንዲኖር ሥርዓት እናበጃለን።

የዛሬው ሕገ መንግሥት አከፋፈል

በኅዳር 1987 ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ሥልጣንን በሁለት መንገድ ይከፍላል። አንደኛው በፌዴራል መንግሥቱና በክልሎች መካከል ነው። ሁለተኛው በየእርከኑ ባሉት በሕግ አውጭው፣ በሕግ አስፈጻሚውና በሕግ ተርጓሚው መካከል ነው። አንቀጽ 50 ፌዴራል መንግሥቱም ክልሎችም ሦስቱም ሥልጣኖች እንዳሏቸው ይደነግጋል።

በፌዴራል ደረጃ ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የሚያስፈጽሙት ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ናቸው። የሚዳኙት ፍርድ ቤቶች ናቸው።

እዚህ ላይ ለተማሪያችን የሰጠነውን መልስ ማረም አለብን። «ሦስቱም እኩል ናቸው» ማለት ለአሜሪካ ሥርዓት ይቀርባል። እዚያ ፕሬዝዳንቱ ከኮንግረሱ ተለይቶ ይመረጣል፤ ፍርድ ቤቱም ኮንግረሱ ያወጣውን ሕግ መሻር ይችላል። የእኛ ግን የፓርላማ ሥርዓት ነው። አንቀጽ 50 የተወካዮች ምክር ቤትን የፌዴራል መንግሥቱ የበላይ የሥልጣን አካል ያደርገዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው፤ አስፈጻሚውን የሚያደራጀውና የሚመራውም በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ወይም ጥምረት ነው። ስለዚህ ሕግ አውጭውና አስፈጻሚው በእኛ አገር ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። ይህን ካልያዝን ቀጥሎ የምናያቸው ልጓሞች የት እንደሚጠብቁና የት እንደሚላሉ አይገባንም።

ማን ማንን ይገታል?

መጀመሪያ ምክር ቤቱ አስፈጻሚውን እንዴት እንደሚገታ እንይ። በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። በአንቀጽ 55 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ ይጠይቃል፣ አሠራራቸውንም ይመረምራል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ በአስፈጻሚው ሥልጣን ሥር ባለ በማንኛውም ጉዳይ ላይ ተወያይቶ እርምጃ መውሰድ ይችላል። ዋና ኦዲተርም የመንግሥትን ሒሳብ መርምሮ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለዚሁ ምክር ቤት ነው። በሌላ በኩል ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤቱ ፈቃድ የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ ምክር ቤቱ እንዲበተንና አዲስ ምርጫ እንዲደረግ ማድረግ ይችላል።

ፍርድ ቤቱ የሚጠበቀው በሹመትና በሽረት ሥርዓቱ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንትና ምክትል ፕሬዝዳንት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ። ሌሎቹን የፌዴራል ዳኞች የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይመለምላል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይሾማል። ሦስት እጅ ሳይነካው የሚያልፍ ሹመት የለም። ሽረቱ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። በአንቀጽ 79 መሠረት ዳኛ ከጡረታ ዕድሜው በፊት ከሥራ የሚነሳው ጉባኤው የዲሲፕሊን ጥፋት፣ ጉልህ የሆነ የችሎታና የቅልጥፍና ማነስ ወይም ሥራውን የሚያሳጣ ሕመም አለበት ብሎ ሲወስንና የሚመለከተው ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ሲያጸድቀው ብቻ ነው። አንድ ሚኒስትር ተቆጥቶ ዳኛን «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ሊለው አይችልም።

ፍርድ ቤቱም በበኩሉ አስፈጻሚውን ይገታል። ለተራው ሰው ከሁሉም የሚቀርበው ልጓም በአንቀጽ 19 ያለው ነው። ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፤ ካላቀረበው ሰውየው አካሉ ነጻ እንዲወጣ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ፖሊስ አስፈጻሚ ነው፤ የመያዝ እንጂ የመፍረድ ሥልጣን የለውም። በ2012 የወጣው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ደግሞ የፌዴራል ተቋማት የሚያወጡት መመሪያና የሚሰጡት ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ መንገድ ከፍቷል።

በአዋጅ ጊዜስ?

ልጓሙ የሚፈተነው በችግር ቀን ነው። ክልላችን ይህን በቅርቡ አይቶታል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። በአንቀጽ 93 መሠረት አስፈጻሚው ብቻውን ማወጅ ይችላል፤ ብቻውን ማቆየት ግን አይችልም። የተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ በዕረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ አዋጁ ሊቀርብለትና በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊጸድቅ ይገባል። ምክር ቤቱ በዕረፍት ላይ ስለነበረ ነሐሴ 8 ቀን 2015 ተጠርቶ አጸደቀው። አዋጁ ከስድስት ወር በላይ መቆየት ስለማይችልም ጥር 24 ቀን 2016 እንደገና ወደ ምክር ቤቱ ቀርቦ ለአራት ወር ተራዘመ።

ሕገ መንግሥቱ በዚህ ብቻ አልቆመም። በአዋጁ ጊዜ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ምክር ቤቱ እንዲያቋቁም ያዛል። ቦርዱ የታሰሩ ሰዎችን ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግና የታሰሩበትን ምክንያት መግለጽ፣ ኢሰብዓዊ አያያዝ እንዳይኖርም መቆጣጠር አለበት። ዘመዱ የታሰረበት ቤተሰብ ይህን ድንጋጌ ማወቁ ጥቅም አለው፤ ስሙ ከዝርዝሩ የጠፋ ታሳሪ ካለ የሚጠየቅ አካል አለና።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የት ላይ ናቸው?

ብዙ ወገኖቻችን የሸሪዓ ፍርድ ቤትን የመስጂድ ወይም የመጅሊስ ክፍል አድርገው ያስባሉ። እንዲያ አይደለም። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የመንግሥት የዳኝነት ክንፍ አካል ነው። ታሪኩም ረጅም ነው፤ በ1936 የቃዲና የናኢባ ምክር ቤቶች አዋጅ ወጥቶ ነበር። ዛሬ መሠረቱ ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 78 የሃይማኖትና የባህል ፍርድ ቤቶች በሕግ ሊቋቋሙ ወይም እውቅና ሊሰጣቸው እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 34 ደግሞ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይናገራል።

የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የተጠናከሩት በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ነው። በዚህ አዋጅ ውስጥ ሦስቱንም ክንፎች በአንድ ፋይል ላይ እናገኛቸዋለን። ፍርድ ቤቱን ያቆመውና ወሰኑን የለካው ሕግ አውጭው ነው። ወሰኑም ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጆች ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ስጦታ፣ ውርስና ኑዛዜ ነው። ቃዲዎቹ የሚሾሙት የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በሚያቀርበው መሠረት በዳኞች አስተዳደር አካል ነው፤ መጅሊሱ ያቀርባል እንጂ አይሾምም። ቃዲው የሚፈርደው በሸሪዓ ነው፤ የክርክሩ አካሄድ ግን በአገሪቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ይመራል። ፍርዱ ሲፈጸም ደግሞ የፖሊስና የአስተዳደር እገዛ ይፈልጋል፤ ያ አስፈጻሚው ነው። በክልላችንም የክልሉ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ የተቋቋሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ።

የአዋጁ ቁልፍ ፈቃድ ነው። ከሳሽ ክሱን ሲያቀርብ መርጧል ማለት ነው። ተከሳሽ ደግሞ መጥሪያ ሲደርሰው ፈቃዱን ወይም ተቃውሞውን እንዲያሳውቅ ይጠየቃል። ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። መጥሪያ ደርሶት ከቀረ ግን በፌዴራሉ አዋጅ እንደፈቀደ ይቆጠራል። አንዴ ከተመረጠ በኋላም መመለስ የለም። መጥሪያን በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ ማስቀመጥ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ፍርድ ቤትም ወሰን አለው

አዲስ አበባ ውስጥ የተነሳ አንድ የውርስ ክርክር ይህን ሁሉ በግልጽ ያሳያል። ተከሳሿ ሙስሊም ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት እንደማይፈልጉ ገና ከመጀመሪያው ተቃውመው ነበር። የመጀመሪያ ደረጃው የሸሪዓ ፍርድ ቤት ተቃውሞውን ሳይቀበል ቀጥሎ ወሰነባቸው። በይግባኝም አልተሳካላቸውም። ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሄዱ፤ ችሎቱም መሠረታዊ የሕግ ስህተት የለበትም አለ።

በተራው ሰው ዓይን ነገሩ አልቋል። ሕገ መንግሥቱ ግን አንድ በር ትቶ ነበር። ጉዳዩ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ቀረበ። ይህ ጉባኤ 11 አባላት አሉት። እነሱም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንትና ምክትሉ፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎችና የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወክላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። ጉባኤው ትርጉም ያስፈልገዋል ብሎ የውሳኔ ሐሳቡን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አቀረበ። ምክር ቤቱም በ1996 ያለ ተከራካሪዋ ፈቃድ የተሰጠው ውሳኔ ከአንቀጽ 34 ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ውሳኔ የሸሪዓ ሽንፈት አድርገው ያዩታል። እኛ እንዲህ አናየውም። ፍርድ ቤቱ የቆመው በፈቃድ ላይ ነው። ፈቃዱ ከተነሳ የሚቀረው ግዳጅ ነው፤ በግዳጅ የተሰጠ ፍርድም ለቃዲው ክብር አይሆንም። ዛሬ አንዲት እህታችንን ከፈቃዷ ውጭ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ማቆም ከተቻለ፣ ነገ እኛን ከፈቃዳችን ውጭ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስወጣት ይቻላል። ያንን በር የሚዘጋውም የሚጠብቅልንም ያው አንድ አንቀጽ ነው።

ልጓሙ የሚላላበት ቦታ

ሥርዓቱ እንከን የለበትም ብንል አንባቢ ይስቅብናል። ሁለት ቦታ ላይ በግልጽ ይላላል።

አንደኛው ምክር ቤቱና አስፈጻሚው ከአንድ ፓርቲ መምጣታቸው ነው። በ2007ቱ ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤቱን 547 መቀመጫዎች በሙሉ ያዙ። በ2013ቱ ምርጫ ውጤታቸው መጀመሪያ ከተገለጹት 436 መቀመጫዎች 410 ያህሉን ብልጽግና ፓርቲ አገኘ። ጠያቂና ተጠያቂ በአንድ ስብሰባ ላይ አብረው ሲወስኑ የሚውሉ የፓርቲ ጓዶች ከሆኑ ጥያቄው ይለሰልሳል። አንቀጽ 55 ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የሚያነሳው እጅ ግን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን በፍርድ ቤት ሳይሆን በፌዴሬሽን ምክር ቤት እጅ መሆኑ ነው። ምክር ቤቱ የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት የፖለቲካ አካል ነው። የሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች ሐሳብ ቃል ኪዳኑ የብሔር ብሔረሰቦች ስለሆነ ተርጓሚዎቹም እነሱ ይሁኑ የሚል ነበር። በ2012 ምርጫው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲራዘም ነገሩ ተፈተነ። አጣሪ ጉባኤው ባለሙያዎችን በአደባባይ ሰማ፤ ይህም በአገራችን ታሪክ ያልተለመደና የሚመሰገን ነበር። ሰኔ 3 ቀን 2012 የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመንግሥትን የሥልጣን ዘመን የሚያራዝመውን የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ። አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ግን ከዚያ ሁለት ቀን ቀድመው ሥልጣናቸውን ለቀው ነበር። ስለ ውሳኔው የተለያየ አስተያየት ይኖረናል። የማይካደው ግን ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ሥልጣኑ ይራዘም ወይስ አይራዘም በሚለው ጥያቄ ላይ ሲፈርድ የሚያስከትለው ጥርጣሬ ነው።

ወደ ጫጫ እንመለስ

እንግዲህ የተማሪያችን ጥያቄ ጋ ደረስን። አስተዳዳሪውና ዳኛው ቢጣሉስ?

የወረዳው አስተዳዳሪ ከወረዳው ምክር ቤት ይመረጣል፤ ተጠሪነቱም ለዚያ ምክር ቤት ነው። የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ግን የወረዳው ሹመኛ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያቀርበዋል፣ የክልሉ ምክር ቤት ይሾመዋል። ስለዚህ አስተዳዳሪው መኪና ቢኖረውም ዳኛውን አይሾመውም፣ አይሽረውም፣ ፍርዱንም አያግድበትም። ዳኛው በበኩሉ የወረዳውን በጀት አይመድብም፣ መንገድ አይቀይስም፣ አስተዳዳሪውንም አይመርጥም። «ማን ያሸንፋል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ «በምን ጉዳይ?» የሚል ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገርም አለ። ከወረዳ በላይ ያለው የሰሜን ሸዋ ዞን የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። ዞኑ የክልሉ አስፈጻሚ ቅርንጫፍ ነው። ጎረቤታችን የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ መቀመጫው ከሚሴ የሆነው፣ የራሱ ምክር ቤት አለው። በእኛ ዞን ግን ደብረ ብርሃን ባለው የዞን መሥሪያ ቤት ላይ ቅሬታ ያለው ሰው የዞኑን «ምክር ቤት» ቢፈልግ አያገኝም። የሚያገኘው የሕዝብ ተወካይ ወይ በወረዳው ምክር ቤት ወይ በክልሉ ምክር ቤት ያለው ነው።

ከእስልምና ቅርሳችን አንጻር

የዛሬው ባለ ሦስት ክንፍ አደረጃጀት በቀደመው የእስልምና አስተዳደር እንዳለ ነበር ብንል ታሪክን እናዛባለን። ኸሊፋዎች ቃዲን ይሾሙና ይሽሩ ነበር። ነገር ግን ሥልጣንን የመገደብ ሐሳብ ሥር ያለው ነው። የፊቅህ ሕግ የገዥ ትእዛዝ አልነበረም፤ ዑለማዎች ከቁርኣንና ከሐዲስ የሚያወጡት ነበር። ገዥ ያስፈጽማል እንጂ ሐላልን ሐራም የማድረግ መብት የለውም። በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን ኢማም አቡ ዩሱፍ የቃዲዎች ሁሉ አለቃ ሆነው ተሾሙ። በባለሥልጣናት የተበደለ ሰው አቤት የሚልበት የመዛሊም ችሎትም ነበር፤ ኢማም አል-ማወርዲ ስለ አስተዳደር በጻፉት መጽሐፍ ለዚህ ችሎት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥተውታል።

ከሁሉም በላይ ግን ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የመኽዙም ጎሣ ሴት ታሪክ እናስታውስ። ከታላቅ ቤተሰብ የሆነች ሴት ሰረቀች። ዘመዶቿ ጉዳዩን በአማላጅ ለማስቆም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚወዱትን ኡሳማ ኢብን ዘይድን (ረ.ዐ) ላኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተቆጡ፤ ቀደምት ሕዝቦች የጠፉት ባለ ክብሩን እየተው ደካማውን በመቅጣታቸው እንደሆነ ተናገሩ፤ የገዛ ልጃቸው ፋጢማ (ረ.ዐ) ብትሆንም ሕጉ እንደማይለወጥ ገለጹ።

ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ አስተምረነዋል። ለእኒያ እናት ማመልከቻ በጻፍንበት ቀን ግን አላስታወስነውም። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ውስጥ አስተዳደር ገብቶ እንዲያስቆምላቸው መጠየቃችን የዚያው አማላጅነት ታናሽ ወንድም ነበር። ዓላማችን ደካማን መርዳት ነበር፤ ነገር ግን ለደካማ የተከፈተ የጓሮ በር ነገ ጉልበተኛውም ይገባበታል፣ እሱ ደግሞ በሰፊው።

ታዲያ የትኛውን በር?

ለቀሪው ትምህርታችን ይሆን ዘንድ ባጭሩ እናስቀምጠው።

የመጥሪያ ወረቀት ከደረሳችሁ በሩ አንድ ነው፤ ፍርድ ቤቱ። በቀኑ ቅረቡ። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሆነ ፈቃዳችሁን ወይም ተቃውሞአችሁን በጊዜው፣ በግልጽና በጽሑፍ ተናገሩ። በቀጠሮ ቀን የማያስቀርብ ነገር ከገጠማችሁ ማስረጃውን ያዙ።

መሥሪያ ቤት አገልግሎት ከከለከላችሁ ወይም ካጉላላችሁ መጀመሪያ ለራሱ የቅሬታ ሰሚ አመልክቱ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ካልተፈታ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ከሆነ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አለ። ሁለቱም የሚያቋቁማቸው የተወካዮች ምክር ቤት ነው።

ቅሬታችሁ ሕጉ ራሱ ላይ ከሆነ ዳኛውን አትውቀሱት፤ እሱ ያለውን ሕግ ነው የሚሠራበት። በሩ ሕግ አውጭው ነው። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በተወካዮች ምክር ቤት ውሳኔ ነው። ሕግ የሚለወጠው በዚህ መንገድ ነው። የመጨረሻ ውሳኔ ሕገ መንግሥታዊ መብታችሁን ነክቷል ካላችሁ ደግሞ አጣሪ ጉባኤው አለ።

በሱረቱ አን-ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስና በሰዎች መካከል ስንፈርድ በፍትሕ እንድንፈርድ ያዘናል። ሥልጣን አማና ነው። አማና የተሰጠው ሰው እንዲጠብቀው የሚያደርገው አላህን መፍራቱ ነው፤ ባለቤቱ መብቱን ማወቁም ያግዘዋል። እኒያ እናት ክርክራቸው እንደገና ከተከፈተ በኋላ መጥሪያ ሲመጣላቸው በነጠላ ጫፍ አይቋጥሩትም። ቀኑን አስነብበው ግድግዳቸው ላይ ይለጥፉታል።

ወሏሁ አዕለም።